ከኋላህ ሰው አለ?

ጎሚስታው ጠዋት የሱቁን ቆርቆሮ በር ሲከፍት ከሁሉ አስቀድሞ የሚያደርገው ነገር መትፋት ነው። ጉሮሮውን ይጠርግና ወደ መንገዱ ማዶ፣ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ አቅጣጫ እንትፍ ይላል። ምራቁ አስፋልቱን አጋምሶ አያውቅም፤ መልእክቱ ግን ይደርሳል። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት፣ ጡረታ የወጣው ሃምሳ አለቃ፣ የመስታወት በሩን በእርጥብ ጨርቅ እየወለወለ ጀርባውን ይሰጠዋል። አሥራ አራት ዓመት እንዲህ ሲነጋ ኖሯል።

አንድ መንገደኛ መጥቶ "አባቴ፣ እዚህ አካባቢ ፎቶ ኮፒ የት አገኛለሁ?" ያለው እንደሆነ፣ ጎሚስታው ፊት ለፊት ያለውን ትልቅ ሰሌዳ በትከሻው ከልሎ፣ "ወደ ታች ውረድ፣ መብራቱ ጋ ታጠፍ፣ ከዚያ ሁለተኛውን መንገድ ያዝ" ብሎ ይሰደዋል። ሃምሳ አለቃውም አይተኛለትም። ኮምፕሬሰሩ መጮህ ሲጀምር ሬዲዮኑን ከፍ ያደርጋል፤ ሬዲዮኑ ከፍ ሲል ደግሞ ጎሚስታው የሚነፋ ጎማ ባይኖረውም ኮምፕሬሰሩን ያስነሳል። የሰፈሩ ሰው ለምዶታል። "ሁለቱ ሽማግሌዎች ዛሬም ጦር ሜዳ ናቸው" እያለ ይስቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ጎሚስታው ለምን እንደሚጠላ ያውቃል፣ ሃምሳ አለቃው ለምን እንደተጠላ አያውቅም። ሳያውቅ ነው የተቀበለውን ሲመልስ የኖረው።

ጎሚስታው በወጣትነቱ የጦር ሠራዊት ሾፌር ነበር። በዚያ ዘመን የልብ ጓደኛው ቁመቱ ዘለግ፣ አንገቱ መዘዝ ያለ ሌላ ሾፌር ነበር፤ "ቀጭኔ" ነው የሚሉት። ጦሩ ተፈትቶ ወደ ኋላ በሸሸበት ሳምንት ሁለቱ ቁስለኛ ጭነው ወደ ወንዙ ይነዱ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን ጎሚስታው ሲያወራ እንዲህ ይላል፤ እኔ ከፊት፣ ቀጭኔ ከኋላ። እኔ ድልድዩን ተሻገርኩ። ጥቂት ቆይቶ የራሳችን መሐንዲሶች ድልድዩን በፈንጂ አነሱት። ቀጭኔ ከነቁስለኞቹ ማዶ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም።

ጦርነቱ ሲያልቅ መርዶውን ለቀጭኔ እናት ያደረሰው እሱ ነው። "ማነው ያፈረሰው?" ብለው ጠየቁት እናቲቱ። "የግራ ጆሮው ጫፍ የተቆረጠ ሃምሳ አለቃ" አላቸው። እናቲቱ ያን ጆሮ ጎደሎ እየረገሙ ስምንት ዓመት ኖረው ሞቱ። ጎሚስታው እየተመላለሰ ሲያጽናና ከቀጭኔ እህት ጋር ተዋደዱ፤ አገባት፤ እዚያው እናቲቱ ቤት ገባ። አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ፤ አድጋ አግብታ ወጣች። እሱም ከመኪና መሪ ወርዶ ጎማ ጠጋኝ ሆነ።

ከዚያ አንድ ቀን፣ ከመንገዱ ማዶ ባዶ የነበረውን ሱቅ ሊከራይ የመጣ ሰውዬ ከታክሲ ወረደ። ቆቡን አውልቆ ላቡን ሲጠርግ ጎሚስታው የግራ ጆሮውን አየ። የያዘው የቡሎን መፍቻ ከእጁ ወደቀ። ማታ ለሚስቱ ሲነግራት ብድግ አለችና፣ "እግዜር እግሩን ጎትቶ አመጣልን!" አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥላቻው የቤተሰብ ሆነ። ሚስት በፎቶ ኮፒ ቤቱ ደጅ ማለፍ ትታ ወደ ገበያ ዞራ ትሄዳለች፤ የልጇን የትምህርት ማስረጃ እንኳን ሌላ ሰፈር ወስዳ ነው ያስባዛችው።

ከዚያ ታሪክ ውስጥ ግን የተቆረጠ ነገር ነበር። ጎሚስታው ለማንም ነግሮት አያውቅም። ለራሱም ቢሆን በዳር በዳሩ ይዞረዋል እንጂ አይረግጠውም።

በዚህ መሃል የቀድሞ ወታደሮች ማህበር ፀሐፊ ሲስተር መጡ። ሲስተር በጦር ሆስፒታል የኖሩ ነርስ ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የማህበሩ ነገር ሁሉ በሳቸው ትከሻ ላይ ነው። አንድ ወረቀት ሰጡት። እሁድ ከሰዓት በኋላ በሰፈሩ አዳራሽ እያንዳንዱ ወታደር የራሱን አገልግሎት በራሱ አፍ ይናገራል፤ ድምፁ ይቀዳል፤ በኋላም ትንሽ መጽሐፍ ይሆናል ይላል ወረቀቱ።

"እኔ የማወራው የለኝም፣ ሲስተር።"

"የሌለው ሰው የለም። ያንተን ብቻ ነው የምትናገረው፤ የሌላውን አይደለም።"

እሳቸው ዞር ሲሉ ጎሚስታው ወረቀቱን ቀዳዳ መፈለጊያው ገንዳ ውስጥ ጣለው። አዲስ የተባዛ ነበር፤ የት እንደተባዛ ገምቷል። ምን ዋጋ አለው፣ ሲስተር ለሚስቱም ሰጥተዋት ኖሯል። ቤት ሲገባ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ጠበቀው።

"ትሄዳለህ" አለችው።

"ከዚያ ሰውዬ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር? ሞቼ ነው ቆሜ!"

"እንዲያውም ለዚህ ነው የምትሄደው። ሠላሳ አንድ ዓመት ለእኔ ስትነግረኝ ኖርክ። እኔ ምን ልሁንልህ? ለሱ ንገረው። ሰው በተሰበሰበበት፣ ዓይኑን እያየህ ንገረው።"

"ተይው ባክሽ። የሞተ አይነሳ።"

"የሞተው የኔ ወንድም ነው። ተይው ባይ አንተ ማነህ?" ወረቀቱን ወደ እሱ ገፋ አደረገችው። "ፈራኸው እንዴ?"

"ማንን? እኔን ነው?"

"እንግዲያው ካልሄድክ እኔ እሄዳለሁ። ስሙን ጠርቼ አዋርደዋለሁ።"

 ጎሚስታው እሷ ብቻዋን እዚያ ከምትገባ ሰማይ ቢደፋበት ይመርጣል። "እሺ፣ እንሄዳለን" አለ።

እሁድ አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ አርባ የሚሆን ሰው በፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል። ሲስተር መቅጃውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው በስም ይጠራሉ። መጀመሪያ የተነሳው ጥሩምባ ነፊ የነበረ ሰው ነው። አንድ ማለዳ ንብ ከንፈሩን ነድፋው ጥሩምባውን ሲነፋ ድምፁ እንደ በግ ሆነ፤ ሻለቃውም ከድንኳናቸው ወጥተው "ጠላት በግ ይዞ ነው እንዴ የመጣው?" አሉ። አዳራሹ በሳቅ ተንጫጫ። የጎሚስታው ሚስት አልሳቀችም። ዓይኗ ከፊት ረድፍ፣ ከአንድ ጎደሎ ጆሮ ላይ አልተነቀለም።

ቀጥሎ ሃምሳ አለቃው ተነሳ። ኮቱ ተተኩሷል፤ እጁ ላይ ወረቀት የለም።

"የማወራው ጀብዱ የለኝም" ብሎ ጀመረ። "ያለኝ አንድ ድልድይ ነው። የመሐንዲስ ቡድን መሪ ነበርኩ። በአሥር ሰዓት አፍርስ ተባልኩ። ፈንጂው ተጠምዷል፣ ሽቦው ተዘርግቷል። ለአሥር አምስት ጉዳይ ላይ አንድ መኪና ቁስለኛ ጭኖ መጣ። አስቆምኩትና መስኮቱ ላይ ተንጠለጠልኩ። የሾፌሩ ፊት አቧራ ብቻ ነው፤ የሚታየኝ ዓይኑና ጥርሱ ነው። 'ከኋላህ ሰው አለ?' አልኩት። 'የለም፣ የመጨረሻው እኔ ነኝ' አለኝ። ደገምኩለት። 'የለም አልኩህ!' ብሎ ጮኸብኝና ነዳ።"

ጎሚስታው የተቀመጠበትን ወንበር ጠርዝ ጨብጦ ነበር።

"አሥር ሰዓት ሞላ። አላፈረስኩም። አለቃዬ በሬዲዮ እናቴን ከመቃብር እያወጣ ይሰድበኛል፤ እኔ ሰዓቴን እያየሁ አሥራ አንድ ደቂቃ ቆየሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ልቤ እምቢ አለኝ። ጥይቱ እግራችን ሥር መርገፍ ሲጀምር አፈረስኩት። አቧራው ሳይወርድ፣ ከማዶ ቁልቁለቱን አንድ መኪና እያነከሰ ሲወርድ አየሁ።"



"ያን ሾፌር ሠላሳ አንድ ዓመት ፈለግኩት። ባገኘው ጉሮሮውን ሳላንቅ የምቀር አይመስለኝም። ይኸው ነው።"

ሊቀመጥ ወገቡን ሲያጥፍ የጎሚስታው ሚስት ከኋላ ብድግ አለች።

"አንተ ነፍሰ ገዳይ!"

ሲስተር እጃቸውን አነሱ። "እመቤቴ፣ በተራ ነው…"

"ምን ተራ አለ! ያ መኪና የወንድሜ ነው! አፍርሰህበት፣ ቆመህ አይተኸው፣ ዛሬ ደግሞ ሾፌር ፈጥረህ ታመካኛለህ?"

ሃምሳ አለቃው ፊቱ አመድ መሰለ። "እህቱ ነዎት?" አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "እመቤቴ፣ ጠይቄያለሁ። ሁለት ጊዜ ጠይቄያለሁ። ሾፌሩን አልፈጠርኩትም። ከወንድምዎ ፊት አንድ መኪና ብቻ ነው ያለፈው፤ እሱ ነው 'የለም' ያለኝ።"

 ከወንድሟ ፊት ያለፈው መኪና የማን እንደሆነ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ታሪኩን በቃሏ ነው የምታውቀው። አንገቷን ወደ ባሏ አዞረች።

"አንተን ነው የጠየቀህ?"

"ውሸታም ነው! ራሱን ሊያድን ነው…"

"አንተን ነው ወይ የጠየቀህ?"

"እዚያ ሁሉ ጩኸት ውስጥ ማን ምን እንዳለ ማን ያስታውሳል! ቁስለኛው ይጮኻል፣ ጥይቱ…"

ሦስተኛ አልጠየቀችውም። ዝም ብላ አየችው። ያ አስተያየት ከየትኛውም ጥያቄ ይበልጥ ከበደው። ሲስተር ከጠረጴዛው ሆነው፣ "ወይ ተናገር፣ ወይ ተቀመጥ" አሉ። መቅጃው እየሠራ ነበር።

ጎሚስታው ቆሞ ተናገረ። ማንንም አላየም፤ የጎማ ጥቁር የጠገቡ ጣቶቹን እያየ ነው።

"ፊት የነበረው እሱ ነው፤ እኔ አልነበርኩም" አለ። "ጎማ መቀየሪያ ክሪኬ ጠፍቶብኝ ጠዋት የሱን ተውሼ ነበር። ከወንዙ በፊት መንገዱ የሚታጠፍበት ጋ የኋላ ጎማው ፈንድቶ ቆሞ አገኘሁት። እጁን አወዛወዘ። 'ክሪኩን!' አለኝ። ፍጥነት ስቀንስ አብሮኝ እየሮጠ፣ 'አትቁም፣ ወርውርልኝ ብቻ!' አለኝ። ክሪኩ እግሬ ሥር ነበር። እጄ መሪውን አልለቅ አለኝ። አለፍኩት።"

አንድ ሰው ሳለ። 

"ድልድዩ ጋ ሲጠይቀኝ፣ 'አለ' ካልኩ 'ይዘህለት ተመለስ' ይለኛል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ 'የለም' አልኩ።"

ሃምሳ አለቃው ወንበሮቹን እየገፋ መጣ። ሁለት ሰዎች ክንዱን ያዙት፤ "ልቀቁኝ፣ አልነካውም" አለ፤ አልነካውምም። አንድ እርምጃ ሲቀረው ቆመ። 

"አሥራ አራት ዓመት ስትተፋብኝ፣ እኔ እኮ ደጅህ ላይ መኪና ስላቆምኩ መስሎኝ ነበር! አንድ ቀን፣ ሱቁን በከፈትኩ ሰሞን፣ የእህቴን ልጅ መኪና ደጅህ አቁሜ ነበር። እሱን ይቅር አልል ብሎ ነው እያልኩ ለሚስቴ ስነግራት ኖርኩ!" ትንፋሽ ወሰደ። "ምራቅህን ወዴት እንደምትተፋ አሁን ታውቃለህ።"

ጎሚስታው ዞር ሲል የሚስቱ ወንበር ባዶ ነበር።

ቤት ሲደርስ ልብሱ በሁለት ከረጢት ታጭቆ ከውጭ በሩ ሥር ተቀምጧል። እሷ ደፍ ላይ ቆማለች። አላለቀሰችም።

"ይኼ የእናቴ ቤት ነው" አለችው።

"አዳምጪኝ፣ ልጅ ነበርኩ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ…"

"ያኔ ልጅ ነበርክ፤ እሺ። እናቴ ያንን ሰውዬ ስትረግመው ስምንት ዓመት አጠገቧ ተቀምጠህ 'አሜን' ስትል ግን ልጅ ነበርክ? እኔን ስታገባኝስ?"

"ሠላሳ ዓመት አብረን ኖረናል።"

"ኖረናል። አሁን ሂድ።"

ከዚያ ቀን ወዲህ ጎሚስታው በሱቁ ጓዳ፣ ቸርኬና አሮጌ ጎማ በተቆለለበት መካከል ፍራሽ ዘርግቶ ያድር ጀመር። ወሬው ከእሱ ቀድሞ ሰፈሩን አዳርሷል። የሚያውቁት የታክሲ ሾፌሮች ጎማቸው ሲተነፍስ መኪናቸውን እየገፉ ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳሉ። አንዱማ ሆነ ብሎ ደጁ ላይ ቆሞ፣ "ክሪክ ታውሰኛለህ?" ብሎት ሄደ። ልጁ አንድ ቀን መጣችና፣ "አባዬ፣ እማዬን ለጊዜው ተዋት" አለችው። ይህን ስትል ኮምፕሬሰሩን ነበር የምታየው።

በሦስተኛው ሳምንት ሚስቱ በመንገዱ ስትመጣ አያት። ወደ እሱ የምትመጣ መስሎት እጁን በጨርቅ ጠራርጎ፣ አንዱን በርጩማ አቧራውን አራግፎ አስቀመጠላት። በደጁ አልፋው መንገዱን ተሻገረችና ፎቶ ኮፒ ቤት ገባች። በመስታወቱ በኩል ሃምሳ አለቃው ከወንበሩ ተነስቶ ለእሷ ሲለቅ ይታየዋል። ደንበኛ ሲመጣ በእጁ ምልክት እያደረገ ይመልሳል። እኩለ ቀን ላይ የገባች ሴት አሥራ አንድ ሰዓት ሆኖ ነው የወጣችው።

ምን እንደተባባሉ ኋላ ከሲስተር ሰማ። ድልድዩ ከፈረሰ በኋላ ምን እንዳየ ነው ሃምሳ አለቃውን የጠየቀችው። እሱም ነገራት። መኪናው ውሃው ዳር ድረስ መጥቶ ቆመ፤ በባዶ ቸርኬ፣ በብረቱ ነው የመጣው። ረጅም ሰውዬ ወረደ። ፈራርሶ የቀረውን ድልድይ አንድ ጊዜ አየና ወደ ኋላ ዞሮ በሩን ከፈተ፤ ቁስለኞቹን አንድ በአንድ እየተሸከመ ወደ ቋጥኙ ጥላ ያወርዳቸው ጀመር። "አልጮኸብንም" አላት ሃምሳ አለቃው። "ቀና ብሎም አላየን። ሥራው ላይ ነበር። ሰባት ሰው ሲያወርድ ቆጠርኩ፤ ከዚያ እኛን ውጡ አሉን።"

መጽሐፉን የማባዛት ሥራ የሃምሳ አለቃው ነበር፤ የጎሚስታው ቃል ላይ ሲደርስ ማሽኑን አጠፋ። "የሱ ቃል በኔ ቤት አይታተምም" አለ። ሲስተር ቢለምኑት እንቢ አለ። የሰማው የጎሚስታውን ሚስት ነው። "ወንድሜ ያለው እዚያ ቃል ውስጥ ነው" አለችው። "ብትጠላውም አትም።" አተመው።

ሁለት ወር ያህል ካለፈ በኋላ ሚስቱ የጎማ ቤቱ ደጅ ላይ መጥታ ቆመች። አልገባችም።

"እሁድ ወደ ወንዙ እንሄዳለን። ሲስተር መኪና አግኝተዋል" አለች። "ሃምሳ አለቃው የሚያውቀው የወንዙን ዳር ነው። መንገዱ የሚታጠፍበትን የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ።"

"እመጣለሁ።"

"ከኋላ ትቀመጣለህ። አታናግረኝም። የጠየቅኩህን ትመልሳለህ፤ እሱን ብቻ።"

ወንዙ ላይ አሁን ሰፊ የኮንክሪት ድልድይ ተሠርቷል። ሚኒባሱ ተሻግሮ ዳገቱን ወጣና ጎሚስታው "እዚህ" ሲል ቆመ። የዚያን ጊዜው መንገድ ዳር ዛሬ የሽንኩርት ማሳ ነው። የውሃ ፓምፕ በሩቁ ይንደቀደቃል። ቦታው ጠፍቶበት ወዲያ ወዲህ አለ፤ ከዚያ ጠርዙ እንደ ትከሻ የወጣ ቋጥኝ አየና ቆመ።

"መኪናው እዚህ ቆሞ ነበር።"

"አንተስ?" አለች።

ተራምዶ አሳያት። ወደ እሱ መጥታ ከቆመበት ገለል አደረገችውና በቦታው ቆመች። ከዚያ ሆና ወንድሟ የቆመበትን አየች። ሁለት ሰዎች ድምፃቸውን ሳያነሱ የሚነጋገሩበት ርቀት ነው።

"ይኼን ያህል ነው?"

"አዎ።"

"ሂድ። መኪናው ውስጥ ጠብቅ።"

ሄዶ የኋላው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ ሃምሳ አለቃው መጣና ፊት ወንበር ላይ ገባ።  ከዚያ አንገቱን ሳያዞር፣

"ክሪክ ካለ፣ የዚያን መኪና ጎማ ለመቀየር ስንት ደቂቃ ይፈጃል?" አለ።

ጎሚስታው ማሰብ አላስፈለገውም። "ለአንድ ሰው ሃያ። ከተጣደፈ አሥራ አምስት።"

"እኔ አሥራ አንድ ጠበቅኩ። 'አለ' ብትለኝ እስኪመሽ እጠብቅ ነበር። ቢረሽኑኝም እጠብቅ ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"አታውቅም። ዝም በል።"

ሴቶቹ ከማሳው ሲመለሱ ጫማቸው ጭቃ ይዞ ነበር። ሲስተር በመስኮቱ በኩል ተቀመጡ፤ እሷ ከጎናቸው። ሰፈር እስኪደርሱ ሦስት ሰዓት ተኩል ነዱ፤ በዚያ ሁሉ መንገድ ለጎሚስታው ቃል የተነፈሰለት የለም። ሚስቱ ቤቷ በር ላይ ስትወርድ በሩን ይዛ ቆም አለች። ወደ እሱ አላየችም።

"የግቢው ቧንቧ ያፈሳል" አለች። "ነገ መጥተህ ሥራው። ሠርተህ ግን ትሄዳለህ።"

በማግስቱ መፍቻውን ይዞ መጣ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ቧንቧውን ፈታ፣ ላስቲኩን ቀየረ፣ ከፍቶ ዘግቶ ሞከረው። እሷ ከቤት አልወጣችም። መፍቻውን ሰብስቦ ሄደ።